ፖሊስ ስለ አወዛጋቢ የሃይማኖት ቡድን ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ የተወሰዱ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ቀኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፖሊስ ጋ ስደውል የሚመልስልኝ ማን ነው?

እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሸሪፉ ራሱ ስልኩን ሊያነሳ ይችላል። ትልቅ ከተማ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አለ፣ ሌሊት ደግሞ ተረኛው አዛዥ። ኤፍቢአይ በየቅርንጫፉ ለጋዜጠኞች መልስ የሚሰጥ ሰው አለው፤ ጉዳዩ አገር አቀፍ ከሆነ ጥያቄው ዋሽንግተን ወዳለው የፕሬስ ክፍል ይመራል። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ግን የመናገሩ ሥልጣን በአብዛኛው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ያልፋል። ያኔ ፖሊስ «ዐቃቤ ሕግን ጠይቁ» ቢል ሸሸን ብሎ መቆጣት ጊዜ ማባከን ነው።

ከስልክ ይልቅ አጭር ኢሜይል ይሻላል፦ ስምዎ፣ የሚሠሩበት ተቋም፣ ስልክዎ፣ መልሱ የሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ከዚያ ከሦስት ያልበለጡ ጥያቄዎች። «ስለዚህ ቡድን ምን ትላላችሁ?» የሚል ጥያቄ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያመጣው። «ማክሰኞ ዕለት በዚህ አድራሻ ብርበራ ተካሂዷል? ማዘዣውን የሰጠው የትኛው ፍርድ ቤት ነው? የተያዘ ሰው አለ?» የሚለው ግን የተወሰነ መልስ ያለው ጥያቄ ነው።

«ምርመራ መኖሩን አናረጋግጥም፣ አናስተባብልም» ካሉ ምርመራ አለ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ መልስ ጥቅም የሚኖረው ምርመራ ሲኖርም ሳይኖርም አንድ ዓይነት ሆኖ ሲሰጥ ነው። ፖሊስ ምርመራ በሌለ ጊዜ «የለም» እያለ፣ በኖረ ጊዜ ብቻ ዝም ቢል ዝምታው ራሱ መልስ ይሆን ነበር። የሃይማኖት ቡድን ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል፤ «ኤፍቢአይ እየመረመራቸው ነው» የሚል አንድ መስመር ምእመናኑን ከሥራና ከጎረቤት ሊያራርቅ ይችላል፤ ምርመራው ያለ ክስ ቢዘጋም የሚያነሳው የለም።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ደንብ ሁለት በሮች ከፍቷል፦ ሕዝቡ ጉዳዩ እየታየ መሆኑን አውቆ መረጋጋት ሲያስፈልገው፣ ወይም ለሕዝብ ደኅንነት መረጃው መውጣት ሲኖርበት ምርመራ መኖሩን መግለጽ ይቻላል። ስለዚህ «ከሁለቱ አንዱ ምክንያት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በአማርኛ ዘገባ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት «ኤፍቢአይ አላስተባበለም» የሚለው ርዕስ ነው። አላረጋገጠምም። ትክክለኛው «አስተያየት ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም» ነው።

ሰው ከተያዘ ወይም ክስ ከተመሠረተ በኋላ ምን ይነግሩኛል?

የፌዴራሉ ደንብ ከ1971 ጀምሮ በዝርዝር ተጽፏል፤ 28 ሲኤፍአር 50.2 ይባላል (ሲኤፍአር የፌዴራል ደንቦች መድበል ነው)። ሊሰጥ የሚችለው የተከሳሹ ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያ፣ ሥራና የጋብቻ ሁኔታ፣ የክሱ ፍሬ ነገር፣ የመረመረውና የያዘው መሥሪያ ቤት፣ ምርመራው የወሰደው ጊዜ፣ እንዲሁም የአያያዙ ሁኔታ ነው፤ ማለትም ሰዓቱና ቦታው፣ መቃወም ወይም ማሳደድ እንደነበረ፣ መሣሪያ እንደተገኘ፣ ምን ዕቃ እንደተያዘ።

የማይሰጡት ስለ ተከሳሹ ጠባይ አስተያየት፣ የሰጠው ቃል ወይም የእምነት ቃል፣ የጣት አሻራና የላቦራቶሪ ውጤት፣ የምስክሮች ማንነትና ተአማኒነት፣ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ፣ ከሁሉም በላይ ጥፋተኛ ነው የሚል አባባል ነው። ተከሳሹን በካቴና ሲወስዱት ካሜራ እንዲጠብቅ ማመቻቸትም አይገባቸውም። እነዚህን ይዞ የመጣልዎት ባለሥልጣን ካለ የራሱን ደንብ እየጣሰ ነውና ለምን እንደሚነግርዎ ያስቡበት። ከተማና ክፍለ ግዛት የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በእንግሊዝ ደግሞ የፖሊስ መመሪያው ጠበቅ ያለ ነው፤ የተያዘ ሰው ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ፣ ስሙ አይገለጽም።

ስለ ትምህርታቸው ስጠይቅ ለምን ዝም ይላሉ?

በአሜሪካ ሕግ ማመን ወንጀል ስላልሆነ፣ መንግሥትም የትኛው ትምህርት ትክክል እንደሆነ የመፍረድ ሥልጣን ስለሌለው። ቃል አቀባይ «ዓለም በቅርቡ ታልፋለች ብለው ያስተምራሉ» ብሎ ከክሱ ጎን ቢያስቀምጠው፣ የተከሳሽ ጠበቃ ያንኑ ቪዲዮ ይዞ «ደንበኛዬ የተከሰሰው በእምነቱ ነው» ብሎ ይከራከርበታል። ጥሩ ቃል አቀባይ ድርጊት ላይ ብቻ ይቆማል፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ የትኛው የሕግ አንቀጽ።

ትምህርቱ የወንጀሉ መሣሪያ ሲሆን ግን ማለፍ አይቻልም። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ በ2023 ሰዎች ጾመው እንዲሞቱ ተሰብከዋል ሲባል ስብከቱ ራሱ ማስረጃ ነው። እዚያ ላይም ቢሆን መጠየቅ ያለበት «ምን ያምናሉ?» ሳይሆን «ማን ማንን ምን አዘዘ? ሊወጣ የፈለገ ሰውስ ተከልክሏል?» የሚለው ነው። ትምህርቱን ለማስረዳት የሃይማኖት ጥናት ምሁር፣ የቀድሞ አባልና አሁን ያለ አባል ይፈልጉ፤ ፖሊስ ለዚህ ምንጭ አይሆንም።

«ካልት» የሚለውን ቃል ፖሊስ ለምን ይሸሻል? በአማርኛስ ምን እንበል?

በእንግሊዝኛ አወዛጋቢ የሃይማኖት ቡድን የሚጠራበት ይህ ቃል በሕግ ትርጉም የለውም፤ የሚሸከመው ንቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በመግለጫ ላይ «ቡድኑ»፣ «ማኅበሩ» ወይም ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ይሻላል።

የእኛ ችግር ከዚህ ይብሳል። «ካልት»ን «መናፍቅ» ብሎ የተረጎመ ጋዜጠኛ ዜና ሳይሆን የጉባኤ ውግዘት ነው ያነበበው፤ «ኑፋቄ»ም የነገረ መለኮት ፍርድ ነው። ፖሊሱ ያላለውን በፖሊሱ አፍ ማስገባት ይሆናል። «ኮምፓውንድ» የሚለውም እንዲሁ። በ1993 በቴክሳስ ዌኮ ከተማ አጠገብ የነበረውን፣ ብራንች ዴቪዲያኖች የተባለውን የሃይማኖት ቡድን መኖሪያ የእንግሊዝኛው ዜና «ኮምፓውንድ» ሲለው የጦር ሰፈር ይመስል ነበር፤ ነዋሪዎቹ ግን ማውንት ካርሜል ነበር የሚሉት፣ ሕፃናትም የሚያድጉበት ቤት ነበር። አማርኛው «ምሽግ» ካለው ጦርነቱን ከመጀመሩ በፊት አውጆታል። «ግቢ» ይበቃል። ባለሥልጣኑ ራሱ ከባድ ቃል ከተጠቀመ በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡትና የተናገረውን ሰው ይጥቀሱ።

የምሠራው ለትንሽ የአማርኛ ሬዲዮ ወይም ዩቲዩብ ነው። ይመልሱልኛል?

ይገባቸዋል። በአሜሪካ ጋዜጠኛ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ የፕሬስ መታወቂያ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከጥበቃ መስመር ለማለፍ ወይም መግለጫ አዳራሽ ለመግባት ነው። ችግር ከመምጣቱ በፊት ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይጻፉ፣ የሠሩትን ሁለት ሦስት ሥራ ሊንክ ከአጭር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ጋር ያያይዙ፣ በኢሜይል ዝርዝራቸው እንዲያስገቡዎ ይጠይቁ። ጥያቄዎን በእንግሊዝኛ ይላኩ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፤ «እንዲህ አላልኩም» ሲመጣ የሚመዘዘው ጽሑፉ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልብ እንመክራለን። ፖሊስ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲያጣ «ይህን ስብከት ተርጉምልን» ብሎ ጋዜጠኛ ሊጠይቅ ይችላል። እምቢ ይበሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘጋቢ ሳይሆኑ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማኅበረሰቡም ዳግመኛ በር አይከፍትልዎትም። ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ መቅጠር የእነሱ ሥራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ለምን ይለዋወጣሉ?

ቦታው ላይ ያለው ፖሊስ የሚናገረው ያየውን ነው፣ ያየው ደግሞ ሊያሳስት ይችላል። በማርች 1997 በሳን ዲዬጎ አጠገብ ራንቾ ሳንታ ፌ ውስጥ ሄቨንስ ጌት የተባለ የሃይማኖት ቡድን አባላት ሞተው ሲገኙ፣ መጀመሪያ የተነገረው 39ኙም ወጣት ወንዶች ናቸው ተብሎ ነበር። ሁሉም ፀጉራቸውን አሳጥረው ተቆርጠው፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ ለብሰው ተኝተው ነበር። አስከሬን መርማሪው ሲያያቸው 21ዱ ሴቶች ሆኑ፤ ዕድሜያቸውም ከሃያዎቹ እስከ 72 ይደርስ ነበር። ድምሩ ትክክል ነበር፣ የተቀረው ስህተት።

በቴክሳስ ኤልዶራዶ በኤፕሪል 2008 የተደረገው ደግሞ የባሰ ነው። ከአንድ በላይ ማግባትን ከሚያስተምረው ቡድን እርሻ ከ400 በላይ ልጆች ተወሰዱ። ሁሉን ያስጀመረው የስልክ ጥሪ ከሌላ ክፍለ ግዛት የተደወለ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የሕፃናት ጥበቃ ባለሥልጣናት ከ14 እስከ 17 ዓመት ካሉት 53 ልጃገረዶች 31ዱ ነፍሰ ጡር ናቸው ወይም ወልደዋል ብለው ለዜና ሰጡ፤ ኋላ ግን ከእነዚያ ብዙዎቹ ከ18 ዓመት በላይ መሆናቸውን ማመን ግድ ሆነባቸው። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ሜይ 29 በጅምላ መወሰዳቸው አግባብ አልነበረም አለ። በዚያ ቡድን መሪ ላይ ኋላ በማስረጃ የተረጋገጠ ከባድ ወንጀል ነበር፤ የተቸኮለው ቁጥር ግን ለተጎጂዎቹም አልበጀ።

ቁጥር ሲሰጥዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ቆጠረው? በምን ለየው፣ በዓይን፣ በመታወቂያ ወይስ በምርመራ? እስከ ስንት ሰዓት ያለው ነው? በሻካሆላ ቁጥሩ በየቀኑ ያድግ የነበረው መቃብሮቹ በዙር በዙር ይቆፈሩ ስለነበር ነው፤ በመጨረሻ ከ400 አለፈ። የወጣ አስከሬን፣ በሕይወት የተገኘ ሰውና «ጠፋብኝ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች ናቸው፤ አይደመሩም። የሞት መንስኤም እንደዚያው ነው፤ «በረሃብ ሞቱ» ሲባል ቆይቶ የአስከሬን ምርመራው አንዳንዶቹ ታንቀው መሞታቸውን አሳየ።

ፖሊሶች ቤት ሲበረብሩ አብሬ ገብቼ መቅረጽ እችላለሁ?

በአሜሪካ አይቻልም። በ1992 ሜሪላንድ ሮክቪል ውስጥ ፖሊሶች የሚፈለግ ሰው ሊይዙ በማለዳ አንድ ቤት ሲገቡ የጋዜጣ ዘጋቢና ፎቶ አንሺ አስከትለው ነበር። ቤቱ የተፈላጊው ወላጆች ሆነና አባትየው በውስጥ ሱሪው ሳለ ፎቶ ተነሣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ማዘዣው ለፖሊስ እንጂ ለጋዜጠኛ በር እንደማይከፍት ወሰነ። ዛሬ «ኑ፣ አብራችሁ ግቡ» የሚል መኮንን ካለ ማስረጃውንም ክሱንም አደጋ ላይ እየጣለ ነው። ከመንገድ ላይ መቅረጽ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይቻላል።

ኦፕሬሽን እንደሚካሄድ አስቀድሜ ብሰማስ?

በዚህ ጉዳይ ሰው ሞቷልና ዌኮን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ኤቲኤፍ የተባለው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ቢሮ የብራንች ዴቪዲያኖችን መሪ ዴቪድ ኮሬሽንና ተከታዮቹን በሕገወጥ መሣሪያ ጥርጣሬ ሲመረምር፣ የከተማው ጋዜጣ ዌኮ ትሪቢዩን ሄራልድ ደግሞ ስለ ኮሬሽ ተከታታይ ዘገባ እያዘጋጀ ነበር። ቢሮው እንዲያዘገዩ ጠየቀ፤ አልተስማሙም። የመጀመሪያው ክፍል ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 27፣ 1993 ወጣ፤ ለሰኞ ታስቦ የነበረው ብርበራም ወደ እሑድ ተሳበ። በዚያው ቅዳሜ የቢሮው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ዳላስ ያሉ የዜና ክፍሎች ጋ ደውላ ቅዳሜና እሑድ በየትኛው ስልክ እንደሚገኙ ጠየቀች። ምን ሊሆን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዜና አዘጋጅ ምን እንደሚጠቁም ግልጽ ነው።

እሑድ ማለዳ አንድ የአካባቢው ቴሌቪዥን ካሜራማን መንገዱ ጠፋበትና መንገድ ዳር ያገኘውን ፖስተኛ አቅጣጫ ጠየቀው። ፖስተኛው ራሱ የቡድኑ አባል፣ የኮሬሽም የሚስት ወንድም ነበር፤ ቀጥታ ወደ ቤቱ ነድቶ ነገረ። ማንነቱን ደብቆ የገባ የኤቲኤፍ ሰው በዚያች ሰዓት ከኮሬሽ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ እያጠና ነበር፤ ነገሩ እንደታወቀ አይቶ ወጣና ለአለቆቹ አሳወቀ። እነሱ ግን ቀጠሉ። በዚያ ቀን 4 የመንግሥት ሰዎችና 6 የቡድኑ አባላት ሞቱ። የግምጃ ቤት ሚኒስቴር በሴፕቴምበር 1993 ባወጣው ምርመራ ከባዱን ጥፋት የጣለው ምስጢሩ መውጣቱን እያወቁ በቀጠሉት አዛዦች ላይ ነው። ይህ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ ግን የካሜራማኑን ስህተት አያጠፋውም።

ፖሊስ «ያዝልን» ካለዎት፣ የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነና በምትኩ ምን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያድርጉት፤ ውሳኔው የአርታኢው እንጂ ብቻዎን ያሉት ዘጋቢ አይሁን። ወደ ቦታው ከሄዱ ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ አካባቢው ላይ ማንንም መንገድ አይጠይቁ፣ የጣቢያው ስም የተጻፈበት መኪና አያቁሙ። ቀጥታ ሥርጭት ላይ የፖሊስ አሰላለፍ አይታይ፤ ውስጥ ያሉትም ያያሉ።

በከበባ ጊዜ የሚሰጠው ዕለታዊ መግለጫ የታሰበው ለማን ነው?

ለጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። ከዚያ የዌኮ ብርበራ በኋላ የቀጠለው ከበባ 51 ቀን ሲፈጅ ኤፍቢአይ በዌኮ የስብሰባ ማዕከል በየቀኑ መግለጫ ይሰጥ ነበር፤ ጋዜጠኞቹም ከቤቱ ማይሎች ርቀው እንዲቆዩ ተደርገው ነበር። ውስጥ ያሉት መግለጫውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ተደራዳሪው በስልክ አክብሮ እያናገራቸው፣ ቃል አቀባዩ አዳራሹ ውስጥ ኮሬሽን ሲያጣጥል ይሰማሉ፤ በማግሥቱ ስልኩ ላይ የሚነሣው ቅሬታ እሱ ይሆናል። ውስጥ ያሉት በመስኮት አንሶላ አንጠልጥለው የጻፉት «እግዚአብሔር ይርዳን፤ ጋዜጠኞችን እንፈልጋለን» የሚል ነበር። ኤፍቢአይ የስልክ መስመሩን ለተደራዳሪዎች ብቻ ካደረገ በኋላ ድምፃቸው የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

አየር ሞገድ የድርድር ዕቃም ይሆናል። ማርች 2 የኮሬሽ የ58 ደቂቃ ቅጂ በሬዲዮ ቢተላለፍ እንወጣለን ተብሎ ተላለፈ፤ ኮሬሽ «እግዚአብሔር ቆይ ብሎኛል» አለና አልወጣም። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ግን ሁለት የሃይማኖት ምሁራን በሬዲዮ ስለ ራእይ መጽሐፍ ሰባት ማኅተሞች በኮሬሽ ቋንቋ ተወያዩ፤ ኤፕሪል 14 ኮሬሽ የማኅተሞቹን ትርጓሜ ጽፎ ሲጨርስ እንደሚወጣ ደብዳቤ ላከ። ኤፍቢአይ ሌላ የማዘግያ ዘዴ ነው ብሎ አላመነውም። ኤፕሪል 19 አስለቃሽ ጭስ ገባ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ሕፃናትን ጨምሮ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ደብዳቤው እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም ያከራክራል፤ ሃይማኖታዊ ቋንቋን የሚያውቅ ሰው መግለጫው ከሚዘጋጅበት ጠረጴዛ አጠገብ መኖር እንዳለበት ግን አያከራክርም። በ1996 ሞንታና ውስጥ ፍሪሜን ከሚባል ፀረ መንግሥት ቡድን ጋር የተደረገው 81 ቀን የፈጀ ፍጥጫ ላይ ኤፍቢአይ ምሁራንን አማከረ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ካሜራውን አራቀ፤ ያለ ተኩስ አለቀ።

«ከፖሊስ ውስጥ ምንጭ» የመጣ መረጃ ላይ ልተማመን?

ጃፓን ማትሱሞቶ የሆነውን ያስቡ። ጁን 27፣ 1994 ሌሊት መርዛማ ጋዝ ሰፈሩን መታ፤ በዚያ ሰሞን 7 ሰዎች ሞቱ። መጀመሪያ ደውሎ ያሳወቀው ነዋሪ ነበር፤ ሚስቱ በጋዙ ራሷን ስታ ነበር። ፖሊስ በማግሥቱ ቤቱን ሲበረብር ኬሚካሎች አገኘ፤ ከዚያ በይፋ ተጠርጣሪ ሳይባል፣ በስም ከማይጠቀሱ መርማሪዎች እየሾለከ የወጣው ወሬ ሰውየውን በየጋዜጣው ገዳይ አስመሰለው። ጋዙ ሳሪን መሆኑ ጁላይ 3 ታወቀ፤ ሳሪን ደግሞ በጓሮ ፀረ ተባይ ተቀላቅሎ የሚሠራ አይደለም። እዚያ ላይ መቆም ነበረበት፣ አልቆመም። እውነተኛው አድራጊ ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን መሆኑ የተረጋገጠው በማርች 20፣ 1995 የቶኪዮ ምድር ባቡር ከተመታ በኋላ ነው። ይቅርታውም ያኔ መጣ። ሚስቱ ግን ሳትድን በ2008 ሞተች።

ምንጩ ፖሊስ መሆኑ መረጃውን ማስረጃ አያደርገውም። «ይህን በራሱ ያየ ወይም ሰነዱን ያነበበ ሰው ነው? ወይስ የሰማ?» ብለው ይለዩ። የኬሚካል፣ የሕክምና፣ የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ከፖሊስ ውጭ ያለ ባለሙያ ያንኑ ነገር ይቻላል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ያልተከሰሰ ሰው ስምም አይጻፍ፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ እንደተቀመጠው የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው፤ ያልተከሰሰውማ ይበልጣል።

ፖሊስ በይፋ የካደው ነገር ኋላ እውነት ሆኖ ቢገኝስ?

ይሆናል፣ ሆኗልም። ከዌኮ በኋላ ኤፍቢአይ በመጨረሻው ቀን እሳት ሊያስነሣ የሚችል ነገር አልተተኮሰም ሲል ስድስት ዓመት ቆየ። በኦገስት 1999 ግን ጥቂት የሚቀጣጠሉ የአስለቃሽ ጭስ ጥይቶች መተኮሳቸውን አመነ። የቀድሞው ሴናተር ጆን ዳንፎርዝ ተሹመው መረመሩ፤ በ2000 ያወጡት ሪፖርት ጥይቶቹ እሳቱ ከመነሣቱ ሰዓታት በፊት ከዋናው ቤት ውጭ መተኮሳቸውን፣ እሳቱን ያስነሡትም ዴቪዲያኖቹ መሆናቸውን ደመደመ። ማለትም እውነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነገር ኤፍቢአይን አይጎዳውም ነበር። ክህደቱ ግን ለስድስት ዓመት ለጥርጣሬ እንጨት አቀበለ፤ ብዙ ሰው የቀረውንም ማመን ተወ።

ስለዚህ ክህደት ሲሰጥዎ ወሰኑን ይጠይቁ፦ «አልተተኮሰም» ሲሉ ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት? በማንም ነው ወይስ በእናንተ ሰዎች? ይህን ያሉት የሁሉንም ሪፖርት አንብበው ነው? መልሱን ከነቀኑ ያስቀምጡ። ቃል አቀባይ ከሆኑ ደግሞ «እስካሁን ባለኝ መረጃ» የምትለውን ሐረግ በእውነት ሲሆን ብቻ ይጠቀሙባት፣ አዲስ ነገር ሲያገኙም ራስዎ ደውለው ያርሙ።

መዛግብቱን እንዴት አገኛለሁ?

ከፍርድ ቤት ይጀምሩ። የፌዴራል ክስና በመሐላ የተደገፈ የብርበራ ማመልከቻ፣ ካልታሸገ፣ ፔሰር በሚባለው የፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ይገኛል፤ በገጽ 10 ሳንቲም ነው፣ አንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ካላለፉም አይከፍሉም። ማመልከቻው ቃል አቀባዩ የማይነግርዎን ሁሉ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም የአንድ ወገን ቃል ነው።

ለኤፍቢአይ ፋይል የመረጃ ነፃነት ሕጉን ጠቅሰው ይጻፉ። ሕጉ 20 የሥራ ቀን ይሰጣቸዋል፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ይረዝማል። በሕይወት ያለ ሰው ፋይል ያለ ፈቃዱ አይገኝም፤ የሞተ ከሆነ የሞቱን ማስረጃ ያያይዙ። «ስለ ቡድኑ ያላችሁን ሁሉ» አይበሉ፤ ስም፣ ቦታና የዓመት ወሰን ይስጡ። ከተከለከሉ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ። በኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅ መብትን ደንግጓል፤ ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፣ አቤቱታው ለእንባ ጠባቂ ተቋም።

የቀድሞ አባል ያልተሰራጨ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶኛል። ቡድኑም ፖሊስም ማየት ይፈልጋሉ። ለማን ላሳይ?

ሳይሰራጭ ለቡድኑ አያሳዩ። በኦክቶበር 1989 ቲቢኤስ የተባለው የጃፓን ቴሌቪዥን፣ ኦምን በሕግ ሲሟገት የነበረውን ጠበቃ ጹጹሚ ሳካሞቶን ቃለ መጠይቅ ከመሰራጨቱ በፊት ለቡድኑ ሰዎች አሳየ፣ በእነሱ ተቃውሞም ሥርጭቱን ሰረዘ። ለጠበቃው አልነገረውም፤ በቀጣዩ ወር ጠበቃው፣ ሚስቱና የአንድ ዓመት ልጃቸው ሲጠፉ ለፖሊስም አልነገረም። ሦስቱም ኖቬምበር 4 ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ነበር፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1995 ነው፣ ጣቢያው ያመነው ደግሞ በ1996። ቡድኑ መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ክሱን በነጥብ ጽፈው ይላኩለት፣ ቀን ይስጡት፣ የተናጋሪውን ማንነት የሚያሳይ ነገር ግን አይላኩ።

ለፖሊስ ያልተሰራጨ ቅጂ በቃል ጥያቄ ብቻ አይሰጥም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ከመጡ መጀመሪያ ጠበቃ ያናግሩ። ቅጂው ውስጥ ሕፃን አሁን አደጋ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ነገር ካለ ግን ቅጂው ይቆይ፣ መረጃው አይቆይ፤ በዚያው ሰዓት ለሕፃናት ጥበቃ ወይም ለ911 ይደውሉ፣ ለተናጋሪውም እንደደወሉ ይንገሩት። ቡድኑ ስለ ተናጋሪው መጠየቅ ከጀመረ ለተናጋሪው በዚያው ቀን ያሳውቁ።